ለሞተር የሚሆን አረንጓዴ

«ይኼን ደግሞ ከየት ቆፍረህ አመጣኸው?» አለች ባለሱቋ፣ ለሁለት የተሰበረውን ሞላ በጣቶቿ አንጠልጥላ ወደ በሩ ብርሃን እያዞረች።

«ከሞተር ነው፣ እትዬ። ከድሮ የወፍጮ ሞተር። ትናንት ላስነሣው ስል ቀጭ አለና ቁጭ አደረገኝ።»

«ዛሬ ወፍጮው ሁሉ በመብራት ሆኖ የለ እንዴ?»

«ይኼማ መብራት ሳይመጣ የነበረው ነዋ! ሁለት ትልልቅ መዘውር ያለው፣ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚያጓራው። እባክዎ እትዬ፣ ዛሬ ካላገኘሁ ጉዴ ነው።»

ባለሱቋን የመለዋወጫ ተራው ሰው በሙሉ «ፋብሪካ» ይላታል። ገና ያልተሠራ ዕቃ እንኳ ከእሷ ዘንድ አይጠፋም ለማለት ነው። ጠባቧ ሱቅ እስከ ጣሪያዋ ድረስ በዘይት ቆርቆሮ፣ በጆንያና በካርቶን ተጠቅጥቃ ለባለቤቷ የተረፈላት አንዲት መቀመጫ ብቻ ናት። ፊት ለፊቷ የቆመው ሰውዬ ግን መካኒክ አይመስልም። እጁ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተከረከመ ነው፤ የሚሸተውም ሽቶና አልኮል ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በሰፈሩ «ምላጭ» እያሉ ይጠሩታል። ዛሬ የሱቁን በር ሳይከፍት፣ ደንበኞቹን ከነጢማቸው ጥሎ ወደዚህ የበረረው በደህና አይደለም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አማቱ ይመጣሉ። አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባለወፍጮ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን መኖር አልሆነላቸውም፤ ልጃቸው፣ የምላጭ ሚስት ማለት ነው፣ ስንቴ ለምና፣ ስንቴ አልቅሳ በስንት መከራ እሺ አሉ። እሺ ያሉትም «ከሳምንት በላይ አልቆይም» ብለው ነው። ምላጭ ደግሞ ከወራት በፊት ጀምሮ በሆዱ የያዘው ነገር ነበረ። መብራት ሲገባ ከቦታው ተነቅሎ በወፍጮ ቤቱ ጥግ ጆንያ ለብሶ የተቀመጠውን አሮጌ ሞተር፣ አማትየው «ለብረት ገዢ ስጡልኝ፣ ዓይኔ አይየው» ሲሉ፣ እሺ ብሎ አስጭኖ የወሰደው ወደ ብረት ገዢ ሳይሆን ወደ ገዛ ግቢው ነው። ሽማግሌው እስከዛሬ አያውቁም። ምላጭም ከሱቁ በተመለሰ ቁጥር ሲፈታው፣ ሲያጥበው፣ ሲፍቀውና ሲቀባው ከረመ። ሚስቱ ሞተሩን «ጣውንቴ» ትለዋለች። «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ሳትል ቁርስ አታቀርብለትም።

ያሰበው ቀላል ነው። አማቱ የግቢውን በር አልፈው ሲገቡ የገዛ ሞተራቸው እየሠራ ይቀበላቸዋል። ስንት ዓመት ሙሉ ወፍጮ ሲጮህበት የኖረ ጆሯቸው ከብዷል፤ ይኼን ድምፅ ግን ይሰሙታል፤ ከሰሙት ደግሞ ቤቱ የሰው ቤት አይመስላቸውም፤ ይቆያሉ። እንግዲህ የቀረው ይቺ ሞላና አንድ ቆርቆሮ ቀለም ብቻ ነበር።

«እጅጌህን ሰብስብ» አለች ፋብሪካ። ከመቀመጫዋ ሥር አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ጎትታ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ሞላ፣ ሞላ፣ አሁንም ሞላ! ረጅሙ፣ አጭሩ፣ የዛገው፣ የሚያብለጨልጨው። ምላጭ ሱሪዬ ሳይል ተንበረከከና ይበረብር ጀመር።

«ይቺስ?»

«እሷ የበር ናት። ሞተርህን በር ልታደርገው ነው?»

«ይቺስ? ቁመቷ ልክ ነው።»

«ቁመት ምን ያደርግልሃል? ጉልበቷን እየው እንጂ።» ፋብሪካ ሞላዋን በሁለት መዳፏ መሐል አስገብታ ጨመቀቻት። «ልፍስፍስ ናት። የሞተሩ ቫልቭ ሲከፈት መልሳ መዝጋት ያቅታታል። ጣላት።»

እንዲህ ሲጥሉና ሲያነሡ ቆዩ። ምላጭ ተስፋው እየተመናመነ፣ ባዶውን ቆርቆሮ አንሥቶ ውስጡን ሁሉ እስከማየት ደርሶ ነበር። ፋብሪካ ድንገት በደረቷ ልትተኛ ምንም አልቀራት፤ እጇን ከመደርደሪያው ሥር ሰድዳ አንዲት ጥቁር ሞላ አወጣች። ጨመቀቻት። ከተሰበረችው ጋር አስተያየቻት። ደግማ ጨመቀቻት።

«ነይ የኔ ቆንጆ! ከአሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር የወጣች ናት። ከያንተዋ ትንሽ ትጠነክራለች፤ ግን ትሠራለች።»

«እትዬ፣ አሁን ብስምዎ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!»

«መሳሙን ተወውና ሲነሣ ደውለህ አሰማኝ። እንዲህ ያለ ሞተር ሲያጓራ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! አደራ! ካላሰማኸኝ መጥቼ ሞላዬን እነቅላለሁ።»

ቀለም ቤት የደረሰው እየሮጠ ነው። ቀለም ያጠረው በራሱ ጥፋት ነበር፤ መዘውሮቹ ሲያምሩበት ጊዜ አንዴ የቀባውን ደግሞ ደጋገመውና ለውሃ ገንዳው ሳይተርፍ ቀረ። ገንዳው ሞተሩ እንዳይግል ውሃ የሚሞላበት፣ ከሁሉ በላይ የተቀመጠ ብረት ነው። የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አረንጓዴው ከሌላው ከተለየ ሙሽራው ኮቱንና ሱሪውን ሳያጋጥም ወጣ ማለት ነው። ምላጭ ደግሞ ይኼን ከሚያይ ሞቱን ይመርጣል።

ቀለም ቀማሚዋ ወጣት ናት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ ተዥጎርጉሯል።

«አረንጓዴ!» አላት እያለከለከ።

«የበር ነው የአጥር?»

«የሞተር!»

«የሞተር የሚባል አረንጓዴ የለንም። የበር አለ፣ የአጥር አለ።»

«አንቺ ነሽ እኮ ባለፈው የቀመምሽልኝ። ይኸው ናሙናው!» በጥጥ ጠቅልሎ ከኪሱ የያዛትን ትንሽ የዘይት ማጠጫ ክዳን አወጣ።

ልጅቷ ክዳኗን ስታይ ሳቋ መጣ። «አሃ! ሞተሬ ሞተሬ ስትል የነበርከው ሰውዬ። እሱን እኮ በዓይኔ ነው የቀመምኩት። በዓይን የተቀመመ ደግሞ ሁለተኛ አይገኝም።»

«ዓይንሽ ያው ዓይንሽ ነው፤ አልቀየርሽው! በናትሽ እህቴ።»

ቀማሚዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ቆርቆሮ ከፈተች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቀለም መቀመም ሳይሆን የዕድር ስብሰባ ነበር። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ከበባቸው።

«ጥቁር አንሶታል» አለ ባልዲ የያዘ ግንበኛ።

«ጥቁርማ ከገባበት ይሞታል። ቢጫ ነው የጎደለው» አለች ሮዝ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ።

«ቢጫ? ሎሚ ልታደርጊው ነው?»

«እናንተ፣ ገዢ ናችሁ ሽማግሌ?» አለች ቀማሚዋ በቀለም መምቻው እያማሰለች። ጠብታ ጥቁር ጨመረች፤ ጠብታ ቢጫም ጨመረች፤ ሁለቱም ወገን ረታሁ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ በክዳኗ ጀርባ ላይ ቀባ አደረገችና «እርጥቡን አይታችሁ እንዳትፈርዱ፣ ሲደርቅ ነው የሚለየው» ብላ ከመሳቢያዋ የፀጉር ማድረቂያ መዘዘች።

የፀጉር ማድረቂያ! ምላጭ ይህን ጊዜ ራሱን መግዛት አቃተው።

«አምጪው፣ ይኼ የኔ ሥራ ነው!» ብሎ ከእጇ ነጠቃት። ክዳኗን በግራ እጁ ከፍ አድርጎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ልክ ሙሽራ እንደሚያስውብ ሰው ነፋሱን ከጎን ለቀቀባት። «እመቤቴ፣ ፈሰስ ላርገው ወይስ ልተኩሰው?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ቀለሙ ደረቀ። ክዳኗን ቢያገላብጧት፣ ፊትና ጀርባዋን የሚለይ ጠፋ። ግንበኛው አጨበጨበ፤ ባለሮዟ ሴትዮ «አላልኩም? ቢጫው ነው» አለች። ምላጭ ቶሎ የሚደርቅ መሆኑን ጠይቆ፣ ከፍሎ፣ ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። አባቷን ልታመጣ የሄደችው ሚስቱ ናት።

«አንተ፣ ደርሰናል ማለት ይቻላል። መንገዱ ባዶ ሆኖለት ሹፌሩ አበረረው።»

«ምን? ከሰዓት አልነበር እንዴ!»

«እኔ ልንዳው ታዲያ? ጣውንቴስ?»

«ሞላዋን አግኝቻለሁ፣ ቀለሟን ይዣለሁ፤ የቀረው መግጠምና መቀባት ነው። እባክሽ አዘግዪልኝ። መነኸሪያው ጋ ሻይ ምናምን በሉ።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባዬ መንገዱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። መስኮት መስኮቱን ብቻ። ገና ሳንደርስ ረዳቱን የመመለሻ አውቶቡስ መቼ መቼ እንዳለ ጠየቀው። እኔ እንጃ። የሚለመድለት አይመስለኝም።»

«ግድ የለሽም» አላት፤ «ሞተሩን ይስማ ብቻ።» ስልኩን ዘግቶ እግሬ አውጪኝ አለ።

ጎረቤቱ በያጁ ግቢው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው ሞላዋን ለመግጠም ብዙ አልፈጀባቸውም፤ ጠንካራ ስለሆነች አንዴ አምልጣ የበያጁን አውራ ጣት ከመምታቷ በስተቀር። በያጁ የተናገረው ቃል እዚህ አይጻፍም። ከዚያ ምላጭ ብሩሹን አነሣ።

ሞተሩ ያምራል። ማመን እስኪያቅት ያምራል። አካሉ አረንጓዴ፣ የመዘውሮቹ ጠርዝ ቀጭን ቀይ፣ የነሐሱ ቧንቧ እንደ ጌጥ የተወለወለ። ገንዳው ብቻ ግራጫ ለብሶ ተራውን ይጠብቃል። ከሁሉም ይልቅ ምላጭ የሚኮራው በዚሁ ገንዳ ነው። በአንዱ ትከሻው ላይ፣ አሮጌው ቀለም ተበልቶ ብረቱ ያገጠጠበት ጎድጓዳ ቦታ ነበረ። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ወይም ገመድ ሲፈትገው የኖረ ነው የመሰለው። ስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ አልፎ ተርፎ በእጅ ቢዳሰስ እንኳ እንዳይታወቅ አድርጎ ደፍኖታል። አሁን አረንጓዴውን ሲያለብሰው ገንዳው ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ መሰለ።

«በቃ ባንተ ቤት ሞተር ሆኖ መወለድ ነው» አለ በያጁ አውራ ጣቱን እየጠባ።

«ወሬውን ተውና ማስነሻውን ያዝ!»

አዞሩት። ከባዱ መዘውር ተንቀሳቀሰ፣ ሞተሩ እህ ብሎ ተነፈሰና ቆመ። ደገሙት። አንዴ ጭስ ተፋና ዝም። ምላጭ ከውጭ የታክሲ በር ሲዘጋ ሰማ። «በለው!» አለ፣ «ባለህ ኃይል በለው!» ሁለቱም ደማቸው ፊታቸው ላይ እስኪወጣ አዞሩት።

ዱክ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ! የግቢው ቆርቆሮ አጥር ተንቀጠቀጠ። የጎረቤት መስኮቶች ተከፋፈቱ። በያጁ ዘለለ፤ ምላጭ ዘለለ፤ ከዚያም ቃሉ ትዝ ብሎት ደወለና ስልኩን ወደ ሞተሩ ዘረጋው። ፋብሪካ ምን እንዳለች አልሰማም፤ በጩኸቱ መሐል ግን እልልታዋ በቀጭኑ ተሰማው።

ዘወር ሲል በሩ ላይ ቆመዋል። ሚስቱ ትንሿን ሻንጣ ይዛ እጇን በአፏ ጭናለች። አማቱ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

ሽማግሌው ቀስ ብለው መጡ። ሞተሩን ዞሩት። መዘውሩን አዩ፣ የነሐሱን ቧንቧ አዩ፣ የሌላ ሰው ልጅ አድጎ ሲያሳዩት እንግዳ ሰው እንደሚያደርገው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ።

«ጎበዝ!» አሉ ጮክ ብለው፣ ጆሮው የከበደ ሰው እንደሚናገረው። «ቆንጆ ሞተር ነው። የኔም እንዲህ ያለ ነበር።»

ሚስትየው ወደ ጆሯቸው ተጠጋች። «አባዬ! ያንተው ነው! አልሸጥነውም! እሱ አድሶልህ ነው!»

ልጃቸውን አዩ፤ አማቻቸውን አዩ፤ ፈገግ አሉ። ፈገግታው የማመን አልነበረም።

«ደስ እንዲለኝ ብላችሁ ነው። ተባረኩ። የኔው ቢሆን ግን እጄ ያውቀው ነበር።»

ይህን እያሉ፣ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ሳለ፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የገንዳው ትከሻ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ተንሸራተተ። እንደገና አሳረፉት፤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እያሉ ፈለጉ። አጡ። ሲያነሡት መዳፋቸው አረንጓዴ ሆኗል።

«ውይ፣ ቀለማችሁን አበላሸሁት» አሉ እያፈሩ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ከጎናቸው አንጠለጠሉትና ሻንጣቸውን አዩ። «የጠዋቱ አውቶቡስ ከዚያው መነኸሪያ ነው አይደል የሚነሣው?»

ምላጭ ግን ያንን አረንጓዴ እጅ እያየ ነበር። ሳያዩ የዘረጉት እጅ ሄዶ ያረፈው ሌላ ቦታ አልነበረም፤ እዚያው፣ እሱ ደፍኖ ባለሰለሰው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። ቺንጋ አልነበረም። ገመድም አልነበረም። ምላጭ ጆሯቸው ሥር ገባ።

«አባባ! እጅዎን የሚያሳርፉት እዚህ ጋ ነበር እንዴ?»

«ጆሮዬ እምቢ ካለኝ ወዲህማ በእጄ ነበር የምሰማው» አሉ። «እዚህ ጋ እጅህን ካደረግክ ሁሉንም ይነግርሃል። ሲጠማው ይነግርሃል፤ ሲደክመው ይነግርሃል። የኔው እዚህ ጋ ቦታ ነበረው።»

ምላጭ ወደ ቤት ሮጦ ገባና ወፍራም እጀታ ያለውን አሮጌ ምላጩን ይዞ ተመለሰ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ልትሆን ነው?» ጮኸ በያጁ። «አሁን አይደል እንዴ የቀባኸው?»

«ዞር በልልኝ!»

ፎጣ ትከሻው ላይ ጣለና ጎንበስ አለ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም፤ ሕፃን እንኳ ከዚህ ይሻላል። አረንጓዴው ተላጠ። ከሥሩ ግራጫው ተላጠ። የሚኮራበት ስቱኮ በቅርፊት በቅርፊት እየተነሣ ወደቀ፤ ሲወድቅ ምላጭ አንዳች አላዘነም፣ እንዲያውም እጁ ፈጠነ። ከዚያ ዙሪያውን የድሮው ቀለም ድርብርብ ታየ፤ በመሐሉም ብረቱ፣ ከስንት ዓመት መዳፍ የተነሣ የለሰለሰው ብረት፣ ብልጭ አለ። በፎጣው ጠረገውና ወደ ኋላ ቆመ።

ሽማግሌው ጎድጓዳውን አዩት። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው፣ ቀስ ብለው አስገቡት። ልክ ገባ። ጥቂት ቆዩ፤ ፊታቸው እንደሚሰማ ሰው ፊት ሆነ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ሞላዋን የለወጣት ማነው?» አሉ።

ምላጭና በያጁ ተያዩ።

«ትጠነክራለች! ቫልቩን እየደበደበችው ነው። የድሮዋ እንዲህ አትልም ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ አሁን የባለወፍጮነት ቁጣቸው መጥቶ። «ዝም ብላችሁ ካስሮጣችሁት ትሰብረዋለች። በየጠዋቱ በቀስታ እያስነሡ፣ እየሰሙ፣ እስክትላመድ መጠበቅ ነው። ሁለት ወር፣ ሦስት ወርም ሊፈጅ ይችላል።»

«ማን ይጠብቃታል ታዲያ?» ጮኸች ልጃቸው፣ እንባዋ እየወረደ።

«ከኔ ሌላ የሚችላት አለ?» አሉ፤ እጃቸውን ከቦታው ሳያነሡ።

ሚስትየው ሌላ ቃል አልጠበቀችም። ትንሿን ሻንጣ አንሥታ ወደ ቤት ገባች፤ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ተሰማ።

ምላጭ ገንዳውን አየው። የተላጠው ቦታ ጠርዙ ሸካራ፣ ቀለሙ የተቦጫጨቀ ነው። ልማዱ አልለቀው ብሎ ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነከረ፤ ጠርዙን ብቻ፣ ዙሪያውን ብቻ ቀጥ ሊያደርገው። ብሩሹን አንሥቶ ተጠጋ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከድነው ይሰማሉ።

ብሩሹን መልሶ ቆርቆሮው ውስጥ አስገባና ክዳኑን በመዶሻ ጠረቀመው። ከዚያ ለበያጁ ሰጠው።

«ምን ላድርገው?»

«በርህን ቀባበት» አለ ምላጭ። «የበር አረንጓዴ ነው።»